የዴክላን ክብደት

ወንድሜ ዴክላን የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 መጨረሻ፣ የባሕሩ ዳር ድንጋይ በረዶ መልበስ በጀመረበት ሰሞን ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በእኔና በእሱ መካከል እናቴ ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባት ስለነበር፣ የብሬንዳን ኮቭ ሰው ሁሉ ልጁን እንደ ጋራ ልጁ አድርጎ ነው የተቀበለው። መንደራችን ኒውፋውንድላንድ በምትባል ደሴት ደቡብ ዳርቻ ላይ ያለች፣ አርባ ቤት የማትሞላ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፤ የአንዱ ደስታ የሁሉ ነው፣ የአንዱ ገመናም እንዲሁ።

ያዋለዷት ነርስ ኢታ ነበሩ። በዚያ ዘመን መንደራችን ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በታች የነበረ ሰው ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው ወደዚህ ዓለም የመጣው፤ እኔንም ጨምሮ። ራሳቸው አላገቡም፣ አልወለዱም። ከቤት ቤት የሚዞሩት አንድ ጥቁር ቦርሳና አንዲት የምትንጠለጠል ሚዛን ይዘው ነበር። ሕፃኑን በጨርቅ ጠቅልለው መንጠቆዋ ላይ ያንጠለጥሉታል፣ መርፌዋ እስክትረጋ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠሩታል። ዴክላን የተወለደ ዕለት «ስድስት» አሉ። ስድስት ምን ብሎ የጠየቀ የለም። ሰው የሚመዘነው በፓውንድ ነበር፤ ሌላ መስፈሪያ ለማንም ትዝ አይለውም።

ልጁ ሲወለድ ትንሽ ስለነበር እናቴ ሐሳቧ ሁሉ ክብደቱ ላይ ነበር። ነርስ ኢታ በመጡ ቁጥር ሚዛኗ ሥር ቆማ እጇን ታፋትጋለች፤ ቁጥሩ ከፍ ያለ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ስታንጎራጉር ትውላለች፣ ባለበት የቆመ እንደሆነ ምሳችንንም በዝምታ ነው የምንበላው። እኔም ከእሷ ተምሬ የወንድሜን ደኅንነት በቁጥር ማወቅ ለመድኩ። ቁጥሩ ሲያድግ ዴክላን ይኖራል፣ ሲቆም ያስፈራል።

በዚያው ክረምት ትምህርት ቤታችን ውስጥ ኪሎ መጣ። አስተማሪያችን፣ መነኩሲቷ ሲስተር ኮንሴፕታ፣ አንድ ጠዋት የቆየውን የመስፈሪያ ሠንጠረዥ ከግድግዳ ነቅለው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። መንግሥት ወስኗል፣ ከእንግዲህ ፓውንድ የአያቶቻችሁ ነው፣ የእናንተ ኪሎ ነው አሉን። አንድ ኪሎ ማለት ሁለት ፓውንድ ከትንሽ ነው፤ ፓውንዱን ለሁለት ነጥብ ሁለት ስታካፍሉት ኪሎው ይወጣል። ከዚያ አንድ በአንድ እየመዘኑን በስማችን አንጻር ሁለት ሁለት ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጻፉ። እኔ ስድሳ ፓውንድ ነበርኩ፤ ሃያ ሰባት ኪሎ ሆንኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ጉስ የሚባል ድብልብል ልጅ ከመቶ ወደ አርባ አምስት ሲወርድ «ግማሼን ወሰዱብኝ» ብሎ ከልቡ አለቀሰ። ሳቅንበት፤ ግን ሁላችንንም ውስጥ ውስጡን የተሰማን እንደዚያው ነው። ኪሎ ሰውን የሚያሳንስ ነገር ነው ብዬ ያዝኩ።

የቤት ሥራችን ቤት ውስጥ ያገኘነውን ሁሉ ወደ ኪሎ መመለስ ነበር። ዱቄቱን፣ ድንቹን፣ የጨው ከረጢቱን አካፈልኩ። አባቴ አምብሮዝ መረቡን እየጠገነ የጨው ዓሣውን በርሜል ስመልሰው ሰማኝና ሳቀ። «እንግዲያው ጀልባዋ ልትቀልልን ነዋ!» አለኝ። ዴክላን ላይ ስደርስ ሦስተኛ ወሩን ይዞ ነበር፤ ነርስ ኢታ በዚያ ሳምንት አሥራ አንድ ብለውታል። አካፈልኩት። አምስት ወጣ። እንደገና ሠራሁት፣ አሁንም አምስት ነው። እናቴ ስንት ለቅሶና ስንት ጸሎት ከፍላ ያደረሰችው ልጅ ከልደቱ ቀን ክብደት በታች ወረደ ማለት ነው። ደብተሬን ልታይ ስትመጣ ያንን መስመር በመዳፌ ሸፍኜ ዱቄቱንና ድንቹን ብቻ አነበብኩላት።

ከዚያ ዴክላን ታመመ። ጠዋት ላይ ሰውነቱ እንደ ምድጃ ክዳን ይፋጅ ነበር፤ እኩለ ቀን ሲሆን ጭራሽ ማልቀሱንም ተወው። ከሁለት ቀን በፊት የጀመረው የበረዶ ማዕበል መንገዱን ዘግቶታል፤ ከተማ ካለው ሆስፒታል ሄሊኮፕተር እንዳይነሣ ሰማይና ምድሩ አይለይም። አባቴ ወገቡ ድረስ በረዶ እየሰነጠቀ ሄዶ ነርስ ኢታን ደግፎ አመጣቸው። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ልጁ ላይ ጎንበስ አሉና የአናቱን እርግብግቢት በሁለት ጣታቸው ዳሰሱ። አብጣ ነበር። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

ስልካችን ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። ነርስ ኢታ ሆስፒታሉን ለማግኘት ብዙ ደከሙ፤ አንድ ዶክተር ሲያገኙ መስመሩ ይንጫጫ ስለነበር ይጮሁ ጀመር። እኔ ከምድጃው አጠገብ ካልሲ የማደርቅ መስዬ ቆሜያለሁ። ስለ ትኩሳቱ ተናገሩ፣ ስለ እርግብግቢቱ ተናገሩ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ያለውን መድኃኒት ስም ነገሩት። ከዚያ ጥቂት አዳመጡና፣

«አሥራ አንድ» አሉ።

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው አልሰማም መሰለኝ፤ ጆሯቸውን በጣታቸው ደፍነው ደገሙት። «አሥራ አንድ ነው የምልዎት፣ ዶክተር። በዚህ ሳምንት በእጄ መዝኜዋለሁ።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ደስታ ነው። ከተማ ላለው ለዚያ የኪሎ ሰው ነርስ ኢታ ወንድሜን አላሳነሱበትም። አምስት ብለው አሳልፈው አልሰጡብንም። ሮጬ ቀሚሳቸውን ይዤ ልስማቸው ዳዳኝ።

ዶክተሩ የነገራቸውን መጠን የቀን መቁጠሪያው ጥግ ላይ ጻፉት። ስልኩን ሰቅለውም ቁጥሩን ቆመው አዩት። «በዛ» አሉ ለራሳቸው። ቀጠሉና «እነሱ ያውቃሉ፣ የተማሩ ናቸው» ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ።

ዶክተሩ ወጣት ነበር፤ ከሩቅ ከተማ በዚያው ዓመት የመጣ፣ ከትምህርቱ መጀመሪያ አንሥቶ ከኪሎ በቀር ሌላ ያልለካ። የልጁን ዕድሜ አልጠየቀም፣ ወይ ጠይቆ ነፋሱ በልቶታል። አሥራ አንድ ሲባል የዓመት ልጅ ነው የታየው። ይህን ሁሉ የማውቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ባነበብኩት አንድ ገጽ የማይሞላ የመርማሪዎች ወረቀት ነው።

ነርስ ኢታ ዐሥር ቀን ቤታችን ሰነበቱ። በየቀኑ ወጉት። በአራተኛው ቀን ጡት ያዘ፤ በዐሥረኛው ትኩሳቱ ጠፋ። እናቴ እጃቸውን ስትስም፣ እሳቸው «ተይ እንጂ፣ ፊሎሜና» እያሉ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ያ መድኃኒት በልኩ ሲሰጥ ያድናል። ከእጥፍ በላይ ሲሆን ግን እያዳነ የጆሮን ሥር ያደርቃል።

በረዶው ሲቀልጥ ዴክላን መንደሩ ውስጥ እንደሱ ያለ ጨዋ ሕፃን የሌለ ሆነ። አባቴ ከአልጋው አጠገብ ሚስማር ይመታል፣ ውሻው ይጮኻል፣ በሩ በነፋስ ይላተማል፤ እሱ ተኝቷል። ትምህርት ቤት ወሬዬ ሁሉ እሱ ሆነ፤ ወንድሜ ነጎድጓድ እንኳ አይፈራም እያልኩ ጉራዬን ነፋሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ ዴክላንን ወንበር ላይ በትራስ ደግፎ አስቀመጠውና የዓሣ ማጠቢያውን ቆርቆሮ ሳህንና ማንኪያ ይዞ ከኋላው ቆመ። ሳህኑን በማንኪያው መታው። እናቴ ደንግጣ የያዘችውን ጣለች። ዴክላን ጣቱን እየጠባ መስኮቱን ያያል። አባቴ ወደ ግራ ዞሮ መታው፣ ወደ ቀኝ ዞሮ መታው። እኔ ጨዋታ መስሎኝ እየሳቅሁ «እኔ ልምታ፣ እኔ ልምታ» እላለሁ። አባቴ ሳህኑን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና መሬት ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ወንበር እያለ መሬት ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ዕለት ነው። እናቴ ልጁን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ነርስ ኢታ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ከተማ ተጠርተው ሄዱ። ሥልጠናው ስለ አዲሱ መስፈሪያ ነበር። በተመለሱበት ቀን ቤታቸው እንኳ ሳይደርሱ፣ ሻንጣቸውን እንደያዙ ወደ እኛ መጡ። እናቴ እንድወጣ ነገረችኝ። ወጣሁና መስኮቱ ሥር ባለው የእንጨት ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የነርስ ኢታ ድምፅ እንደ ኑዛዜ ዝቅ ያለ ስለነበር አልሰማሁም። ቀጥሎ፣ «አሥራ አንድ አልኩት። አሥራ አንድ ብቻ ነው ያልኩት፣ ፊሎሜና፤ ምን እንደሆነ አልነገርኩትም» ሲሉ ሰማሁ።



«ማነው የነገረሽ?» አለች እናቴ።

«ማንም። ዛሬ ራሴ አገኘሁት። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ከቤቴ ውጪ፣ ኢታ።»

እናቴ «ነርስ» የሚለውን ትታ እኩያዋ አድርጋ ስትጠራቸው የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። በሩ ተከፈተና ሻንጣቸውን እየጎተቱ ቁልቁለቱን ወረዱ። እኔም ነገሩን በዘጠኝ ዓመት ልጅ ጭንቅላቴ አደላደልኩት፤ ነርስ ኢታ ዴክላንን ከልኩ በላይ አግዝፈው መናገራቸው ታውቆባቸዋል፣ እናቴም ዋሸሽ ብላ አባረረቻቸው። ለእኛ ሲሉ ለዋሹት ውሸት! እናቴን ያን ቀን ጠላኋት። ማታ ሾርባ ስትሰጠኝ አልበላም ብዬ ፊቴን አዞርኩባት። አልተቆጣችኝም፤ ሾርባውን አንሥታ መለሰችው። አሁን እኔም እናት ነኝና ያን ፊቴን ባላዞርኩ እላለሁ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነርስ ኢታ ቤት ሄድኩ። ካርቶን እየሞሉ ነበር። ሻይ ሰጡኝ፣ ለራሳቸውም ቀዱ።

«ነርስ ኢታ፣ እኔ አልተቀየምኩዎትም» አልኳቸው።

«በምኑ የኔ ልጅ?»

«አሥራ አንድ ባሉት። እኔማ ደስ ነው ያለኝ። በኪሎ አምስት ብቻ ነው፣ አካፍዬ አይቼዋለሁ። እርስዎ ግን አላሳነሱትም።»

ሲኒያቸው አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። «መቼ ነው ያካፈልሽው?»

«ሳይታመም። ለቤት ሥራ።»

«ስልክ ስደውል ታውቂ ነበር?»

«አዎ። ምድጃው ጋ ነበርኩ እኮ።»

ሲኒውን አስቀመጡት። ያስቀየምኳቸው መሰለኝና ከወንበሬ ልነሣ ስል መጥተው ፊቴ ተንበረከኩ፣ ሁለት ትከሻዬን ያዙ።

«ስሚኝ ቬራ» አሉኝ። «ይህን ነገር ለማንም አትናገሪም። ለእናትሽም፣ ለአባትሽም፣ ለሲስተርም። ለቄሱም ቢሆን በኑዛዜ አትናገሪም። አንቺ ምንም አላወቅሽም። እዚያ ቤት ውስጥም አልነበርሽም። በይ፣ ምን አልኩሽ?»

«ምንም አላወቅሁም። ቤት ውስጥ አልነበርኩም።»

«እንደገና።»

ሦስት ጊዜ አስባሉኝ። እናቴ የበለጠ እንዳትቆጣቸው ፈርተው መሰለኝ። ምሥጢር የተጣለብኝ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሰኔ በጭነት ጀልባ ሄዱ። እነዚያን ሁሉ ሰዎች ከእናታቸው ማህፀን የተቀበሉ ሴት ሲሄዱ ወደቡ ላይ የተገኘ አልነበረም። ካርቶናቸውን ያሳፈሩላቸው የጀልባው ሰዎች ናቸው። እኔ ከክፍላችን መስኮት አየሁ፤ አባቴንም ማታ መቼ ነው የሚመለሱት ብዬ ጠየቅሁት። መረቡን ማየት ቀጠለ።

ዴክላን አምስት ዓመት ሲሞላው መስማት የተሳናቸው ልጆች ወደሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ዋና ከተማው ድረስ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢመጣ ነው። መኪናው ሲነሣ እናቴ መንገዱ መሐል ገብታ ስሙን እየደጋገመች ተጣራች። እንደማይሰማት ታውቃለች። ኮረብታው እስኪሸፍነው ድረስ ግን ተጣራች።

በማግስቱ ከአባቴ ጋር ዓሣ እየዘነጠልን ሳለ፣ እናቴ ኢታ የሚል ስም ስትሰማ ለምን ፊቷ እንደሚጠቁር ጠየቅሁት። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ አድጋለች፣ ልንገራት ብሎ ነው መሰለኝ ሁሉንም ዘረዘረልኝ። ፓውንዱን ዶክተሩ ኪሎ እንዳደረገው፣ በየቀኑ ከእጥፍ በላይ እንደወጉት፣ ጆሮው የደረቀው በዚያ እንደሆነ።

«ያን ዕለት ቤት ውስጥ አንድ ሰው ፓውንድ ነው ቢል ኖሮ» አለና ቢላውን በሱሪው ጠረገ። «ግን ከየት ይምጣ? ስለ ኪሎ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ማንም አያውቅም ነበር።»

እጄ ዓሣውን መሰንጠቁን አላቆመም። አንዱን ጨርሼ ሌላውን አነሣሁ። አባቴ ዝም ማለቴን ሐዘን አድርጎ ቆጠረውና ራሴን ዳበሰኝ።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ሥራ ፍለጋ ዋና ከተማው ገባሁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት የነርስ ኢታን አድራሻ አፈላልጌ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እኅታቸው ነበሩ። ነርስ ኢታ በዚያ ክረምት ማረፋቸውን ነገሩኝ። ከመንደራችን ከወጡ በኋላ አንድም ቀን ነርስ ሆነው አልሠሩም፤ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ አንሶላ ሲያጥፉ ኖሩ። የጎረቤት ሕፃን እንኳ አቅፈው አያውቁም።

ሴትዮዋ ብቸኛ ስለነበሩ ብዙ አወሩኝ። «የልጁን ጉዳይ የሚያጣሩ መርማሪዎች መጥተው ነበር» አሉ። «ስልኩን ስትደውይ የሰማ፣ ስሕተቱን ሊያርም የሚችል ሰው ነበር ወይ ብለው ጠየቋት። ማንም አልነበረም፣ እናትና አባቱ ብቻ ናቸው አለች። እኔ ደግሞ አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረቻቸው ስትይ አልነበር ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ልትሞት ስትልም ጠይቄያታለሁ። ቤት ውስጥ አልነበረችም አለችኝ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና ስሜን ጠየቁኝ።

ሌላ ስም ነገርኳቸው።

እናቴ የእጅ ቋንቋ አልተማረችም። ዴክላን ለዕረፍት ሲመጣ ፊቱ ድረስ ተጠግታ፣ አፏን እየከፈተች ጮክ ብላ ታናግረዋለች፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ሁለቱም ይደክማቸዋል። አባቴ ከእናቴ ቀድሞ ሞተ። እሷ የሞተችው የዛሬ አራት ዓመት ነው። ቄሱ በቁርባኗ ሰዓት የበደለሽን ሁሉ ይቅር ብለሻል ወይ ሲሏት፣ «ሁሉንም። እሷን ግን አልችልም» አለች። አልጋዋ አጠገብ ቆሜ የውኃ ብርጭቆዋን ይዤ ነበር። አፌን ከፈትኩ። «እማዬ፣ ትንሽ ጠጪ» አልኳት። ጠጣች። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ዴክላን ለቀብሩ መጣ። ሃሊፋክስ ከተማ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ሚስት የለውም። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ወጥ ቤት ተቀምጠን ነገርኩት። የእጅ ቋንቋ የተማርኩት በሠላሳ ዓመቴ ስለሆነ እንደ ባዕድ ሰው ነው የምናገረው፤ ያጠረኝን ወረቀት ላይ እየጻፍኩ፣ የቤት ሥራውን፣ ምድጃውን፣ ስልኩን፣ ነርስ ኢታ ያስባሉኝን ሁሉ ነገርኩት። ዓይኑን ከእጄ ላይ አላነሣም።

ስጨርስ ስንት ዓመቴ እንደነበር ጠየቀኝ። ዘጠኝ አልኩት። እናታችን ታውቅ እንደነበር ጠየቀኝ። አታውቅም አልኩት። እጁ አንድ ነገር ሊል ተነሣና ጠረጴዛው ላይ ተመልሶ አረፈ። ከዚያ ተነሥቶ ለቀስተኛው የጠጣበትን ብርጭቆ ሁሉ አጠበ፣ አንድ በአንድ አደረቀ፣ የት እንደሚቀመጥ ስላላወቀ ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ ደረደረው።

ጠዋት አውቶቡሱ ድረስ ሸኘሁት። ሌላ ጊዜ እንደሚያቅፈኝ ነው ያቀፈኝ፤ አላጠበቀም፣ አላላላም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጽፌለታለሁ፣ ለገናም ካርድ ልኬለታለሁ። መልስ አልመጣም። የማይጽፍልኝ በነገርኩት ምክንያት ይሁን፣ ወይስ ድሮም ደብዳቤ የማይጽፍ ሰው ስለሆነ አላውቅም። የምጠይቀውም ሰው አልቀረልኝም።